የሞተ ያቀብላል

ወንድሜ የፈለገው አንድ ነገር ብቻ ነበር፤ ተራው ደርሶ ጆይስቲኩን ሲይዝ ዝም እንድንልለት። ይህችን ለማግኘት ከቡራዩ እስከ ሱሉልታ ካለ የጌም አፍቃሪ ሁሉ ጋር መጣላት ነበረብኝ። ተጣላሁም። ዛሬም ሳስበው ደሜ ይፈላል።

ነገሩን ከሥሩ ላስረዳ። ቡራዩ ውስጥ፣ ከአምቦ መንገድ ገባ ብሎ፣ እኔ ከምሠራበት ብየዳ ቤት ፊት ለፊት አንድ ጌም ቤት አለ። ባለቤቱ ጤፍ ይዘሩበት የነበረው መሬት ሁሉ ቤት ሲሠራበት፣ በቀረቻቸው የመንገድ ዳር ክፍል ቴሌቪዥን ደርድረው የተቀመጡ ሽማግሌ ናቸው። ኦቦ ብቻ ነው የምንላቸው። እሳቸው ጌም ተጫውተው አያውቁም፤ ማን ተራ ሰረቀ፣ ማን አጭበረበረ የሚለውን ግን እንደሳቸው የሚዳኝ የለም።

በሌላው ቀን ሁሉም ነገር ኳስ ነው። እሁድ ከሰዓት ግን ትልቁ ቴሌቪዥን የእኛ የፍየሏ ሰዎች ነው። የጌሙን ትክክለኛ ስም የሚጠራው የለም። አንገቷ ላይ ቃጭል ያሰረች ፍየል ከድንጋይ ድንጋይ እየዘለለች ተራራ የምትወጣበት ጌም ስለሆነ ፍየሏ አንድ፣ ፍየሏ ሁለት እያልን አራት ደርሰናል። ልጆች ሆነን ጀምረን አሁን ጢማችን ላይ ሽበት ጣል ጣል ማድረግ ጀምሯል። ሚስቶቻችን ያፍሩብናል፤ እውነታቸውን ነው።

የቤቱ ሕግ አንድ ነው፤ የሞተ ያቀብላል። ፍየሏ ገደል ስትገባብህ ጆይስቲኩን በቀኝህ ለተቀመጠው ትሰጣለህ። ሰበብ የለም፣ ይግባኝ የለም። «ጣቴ ተንሸራቶ ነው» ያለ ሰው ሳምንቱን ሙሉ ሙድ ሲያዝበት ይከርማል። አንዱ ሲጫወት ደግሞ ዙሪያውን የተቀመጠው ሁሉ ይጮኻል። ከበሮ በሰው እጅ ያምር፣ ሲይዙት ያደናግር እንደሚባለው ጆይስቲክ ያልያዘ ሰው ሁሉ አንደኛ ተጫዋች ነው።

ወንድሜ በሁለት ዓመት ያንሰኛል። ልጅ ሳለ ታሞ ዓይኖቹ ጠፉ። ሰበታ አዳሪ ትምህርት ቤት ገብቶ ተማረና እዚያው ቀረ። አሁን የታሪክ መምህር ነው፤ ትዳር አለው፤ ልብስ ከእኔ በተሻለ ያውቃል። እሁድ እሁድ ምሳውን በልቶ በአየር ጤና አድርጎ፣ ታክሲ እየቀያየረ፣ በአስኮ በኩል ብቻውን ቡራዩ ይደርሳል። «መንገድ ላይ ልቀበልህ» ካልኩት ይቆጣኛል። ቁጣ የቤተሰባችን ነው፤ እሱ ትንሽ፣ እኔ ብዙ ወረስን።

«እንዴት ይጫወት ነበር?» የሚል ሰው አይጠፋም። በእኛ ጩኸት ነዋ። ድሮ፣ በፍየሏ አንድና ሁለት ዘመን፣ ተራው ሲደርስ ጆይስቲኩን ይይዝና ጆሮውን ያቆማል። ፍየሏ ገደሉ አፋፍ ላይ ስትደርስ ቤቱ በአንድ ድምፅ «ኡታሊ!» ይላል፤ በኦሮምኛ ዝለል ማለት ነው። እሱም ይጫናል፤ ፍየሏም ትዘላለች። የጩኸቱ መሪ ሱሉልቴው ነበር። ሱሉልቴው አብሮን ቡራዩ ያደገ ጓደኛችን ነው። ሯጭ እሆናለሁ ብሎ ሱሉልታ ሄደ፤ ጉልበቱ እምቢ ሲለው እዚያው የሚኒባስ ሾፌር ሆኖ ቀረ። ድምፁ ከሁላችን ይልቃል፤ ሰዓቱንም አይስትም። እሱ «ኡታሊ» ሲል የወንድሜ አውራ ጣት አብራ ትወርዳለች። እንግዳ በመጣ ቁጥር ሱሉልቴው ደረቱን ነፍቶ «የዚህ ልጅ ዓይን እኔ ነኝ» ይላል። ሰው ያጨበጭባል። እኔም አጨበጭብ ነበር።

ሲወድቅ ግን ሌላ ነው። አንዱ ቀድሞ ይጮኻል፣ አንዱ ዘግይቶ ይጮኻል፣ ፍየሏ ገደል ትገባለች። ያኔ «አይ፣ ልጁ ዘገየ» ይባላል። የአብዬን እከክ ወደ እምዬ ልክክ ማለት ይኼ ነው። ወንድሜ አንድም ቀን አልተከራከረም፤ ጆይስቲኩን ያቀብልና «ቀጥል» ይላል። ነገሩን ምን ያህል እንደጠላው ያወቅኩት በኋላ ነው።

ከዚያ ፍየሏ አራት መጣች። ኦቦ ያገለገለ ማሽን ገዝተው ትልቁ ቴሌቪዥን ላይ ሰኩት፤ ሰፈሩም ለሁለት ተከፈለ። የድሮዎቹ ወገን መሪ ማን እንደሆነ መናገር አያስፈልግም። ሱሉልቴው ጌሟን በየእሁዱ በቁሟ ገነዛት። ቀለሟ በዛ፣ ዘፈኗ የሠርግ ቤት ሆነ፣ ፍየሏ ስትሞት ቅጣት የላትም፣ ወድቃ ሳትጨርስ ጌሟ እዚያው ድንጋይ ላይ ታስነሣታለች፤ ይኼማ ጌም ሳይሆን ማባበያ ነው፣ አለ።

እውነቱን ለመናገር በብዙው ትክክል ነበር። እኔን ከጠየቃችሁኝ ከአራቱ ሁለተኛዋን እመርጣለሁ። ሁለተኛዋ ላይ ድንጋይ ድንጋይ ነው፣ ገደል ገደል ነው። አራተኛዋ ላይ ተራራው ከማማሩ የተነሳ የሚረገጠው የቱ እንደሆነ፣ ለጌጥ የተሳለው የቱ እንደሆነ አይለይም። ላዩ ላይ ደግሞ አንድ ግልገል ጨምረውባታል፤ በየደቂቃው ምክር ይሰጣል፤ አርደው ቢበሉት ደስ የሚለኝ ግልገል ነው። ይህን ሁሉ እኔም ብያለሁ። ግን አራተኛዋ አንድ ነገር ነበራት።

ያንን ያገኘው ራሱ ወንድሜ ነው። አንድ እሁድ «እስኪ ማስተካከያው ውስጥ ያለውን ሁሉ አንብብልኝ» አለኝ። እየተነጫነጭኩ አነበብኩለት። መሀል ላይ ማየት ለማይችሉ የተዘጋጀ የድምፅ መንገድ አለ። ሲከፈት ቃጭሉ ጌጥ መሆኑ ይቀራል። ፍየሏ ወደ አፋፉ ስትጠጋ እየፈጠነ ይመታል፤ ቀጣዩ ድንጋይ በግራ ከሆነ ከግራ፣ በቀኝ ከሆነ ከቀኝ ይሰማል፤ ከራቀ ድምፁ ይቀጥናል። ወንድሜ ትንሽ ሰማ። ከዚያ «ክረምት ላይ ትምህርት ቤት ሲዘጋ እመጣለሁ» አለ።

መጣም። ክረምቱን እኔ ቤት አረፈ። ጠዋት ጠዋት ጌም ቤቱ ባዶ ሲሆን ኦቦ ማሽኑን ያስነሱለታል፣ እሱ ብቻውን ይቀመጣል። እኔ መንገዱን ተሻግሬ በር እበይዳለሁ። አንዳንዴ የፊት መከላከያዬን ገልጬ ቀና ስል በክፍት በሩ ጀርባው ይታየኛል፤ አንገቱን ሰበር አድርጎ ሲሰማ። ምን ያህል ጊዜ እንደወደቀ አላውቅም። ምሳ ሰዓት ላይ ብጠይቀው «ጥሩ ነው» ብቻ ይለኛል።

መስከረም ጠብቶ ወደ ሰበታ ከተመለሰ በኋላ ሱሉልቴው በቴሌግራም ግሩፓችን ላይ ጻፈ። ጽሑፉን በቃሌ አውቀዋለሁ፤ «ፍየሏ አራት ጌም አይደለችም፤ ለዕውር የተሠራች መጫወቻ ናት።» ስንቱ ሳቀ መሰላችሁ። የሳቅ ምልክት ተደረደረ። የወንድሜ ስልክ የሚጻፈውን በድምፅ ያነብለታል። አየር ጤና፣ ታክሲ ውስጥ፣ የጆሮ ማዳመጫው ተነቅሎ ስለነበር ያንን ቃል ማሽኗ ለተሳፋሪው ሁሉ አነበበችው፤ ያለ ቁጣ፣ ያለ ሳቅ፣ የመንገድ ስም እንደምትጠራ። ወንድሜ ይህንን ሲነግረኝ ይስቅ ነበር። «ረዳቱ ደንግጦ መልሴን ሁለቴ ሰጠኝ» አለ። እኔ አልሳቅኩም። ደውዬ ሱሉልቴውን የማይጻፍ ስድብ ሰደብኩት።

«ኧረ ሙድ ነው አቦ! እሱን ማለቴ መሰለህ? እሱማ የእኛ ነው!» አለኝ።

ያቃጠለኝ ይኼኛው ነው። የእኛ ነው። በሬ ይመስል።

በማግስቱ ወንድሜ ራሱ ግሩፑ ላይ በድምፅ ላከ፤ «እሁድ እመጣለሁ። ተራዬ ሲደርስ አራተኛዋን በቃጭሉ እጫወታለሁ። የምጠይቃችሁ አንድ ነገር ነው፤ ዝም በሉልኝ። ቃጭሉን ካልሰማሁ አልችልም።» በቃ፣ ይኸው ነበር። ዝምታ ብር አያስወጣም፣ ታክሲ አያሳፍርም። ቀኑን ሙሉ ግን ክርክር ሆነ። አንዱ «ጌም ቤት ነው ወይስ ቤተ መጻሕፍት?» አለ። ሌላው «ያለ ጩኸት ፍየሏ ምን ትጣፍጣለች?» አለ። ሦስተኛው፣ ሁሌ ሽማግሌ መሆን የሚወድ፣ «አብረን ያደግንበት ባህል አይነካ» ብሎ ጻፈ። ገደል አፋፍ ላይ መጮህ ባህል ሆኖ አረፈው! ሱሉልቴው መጨረሻ ላይ በድምፅ ልኮ «እኛ ምን አጠፋን? ዓይን ሆንነው እኮ» አለ። የተጎዳ ሰው ድምፅ ነበረው። ስልኬን ብየዳ ጠረጴዛው ላይ ወረወርኩት፤ መስታወቱ ተሰነጠቀ፣ ተጨማሪ ኪሳራ።

እሁድ ደረሰ። ጌም ቤቱ እስከ ደጁ ሞላ፤ ወሬው ኳስ ተጫዋቾቹንም ስቧል። ሱሉልቴው ሚኒባሱን ደጅ አቁሞ ከወንድሜ በስተቀኝ ተቀመጠ። እኔ እንደ ወትሮው ከወንድሜ ኋላ ቆሜ እጄን ትከሻው ላይ አሳረፍኩ። ልጆች ሆነን ሕዝብ መሀል ስንገባ እንዲህ ነበርን፤ እዚህ አለሁ ማለት ነው።

«እኔ የምለው» አለ ሱሉልቴው፣ ለኦቦ እየተናገረ፣ «እንደ ድሮው ሁለተኛዋን ይጫወት። እኔ እጠራለታለሁ። በአራተኛዋ ቢያልፍም አይቆጠርም፤ ጌሟ እየረዳችው ነው።»

«አንተ ስትጠራለት አትረዳውም ነበር?» አልኩት።

«እሱማ የሰው እርዳታ ነው!»

«ስለዚህ ካንተ አፍ ካልወጣ አይቆጠርም?»

«አንተ ደግሞ ሁሌ እሳት ነህ። ወንድምህ ያልተናደደውን አንተ ትናደድለታለህ።»

«ጨሊሳ!» አሉ ኦቦ፣ ዝም በሉ ማለታቸው ነው። ከዚያ ወደ ወንድሜ ዞሩ። «አንተ ልጅ፣ ምን ትላለህ?»

«ኦቦ፣ አንቱ እንደፈቀዱ» አለ ወንድሜ። «እኔ ግን የምለምነው አንድ ተራ ብቻ ነው። ሕጉ ያው ነው፤ ከሞትኩ አቀብላለሁ።»

ኦቦ ዱላቸውን ይዘው ተነሡ። የኳስ ተጫዋቾቹን ቴሌቪዥኖች በየተራ አጠፉ፣ ወጣቶቹ አጉረመረሙ፣ እሳቸው ግን አልሰሟቸውም። በሩንም ገርበብ አደረጉት። ወንድሜም ፍየሏ ስትሞት እዚያው የሚያስነሣትን ማስተካከያ አስጠፍቶ ተቀመጠ፤ የወደቀች የወደቀች ናት። ቤቱ ዝም አለ። በዚያ ቤት ውስጥ እንዲህ ያለ ዝምታ ሰምቼ አላውቅም። ከአምቦ መንገድ የከባድ መኪና ድምፅ፣ ከዚያ ቃጭሉ።

ፍየሏ ሄደች። ቃጭሉ ፈጠነ፣ ወንድሜ ተጫነ፣ የመጀመሪያውን ድንጋይ አለፈች። ሱሉልቴው አፉን በእጁ ይዟል፤ ጉሮሮው ላይ «ኡታሊ» ሲወጣና ሲመለስ ይታየኛል። ሁለተኛውን አለፈች። ኋላ ያሉት በእግራቸው ጣት ቆሙ። ሦስተኛው የሚንቀሳቀስ ድንጋይ ነው፤ ይመጣል፣ ይሄዳል። መጣ። ሁላችንም አየነው። አሁን ነው፣ አሁን! ወንድሜ አልዘለለም። ድንጋዩ ሄደ፣ እንደገና መምጣት ጀመረ፣ ገና ግማሽ መንገድ ሳይደርስ ወንድሜ ተጫነ። ፍየሏ አየር ላይ ተንጠለጠለችና ቁልቁል ወረደች። ቃጭሏ ከታች አንዴ ተሰማ።

ቤቱ የያዘውን ትንፋሽ ለቀቀ። መጀመሪያ የተናገረው ሱሉልቴው ነበር፤ እንደ ደግ ሰው ነው የተናገረው። «አየህ? ብጠራልህ ኖሮ ይታለፍ ነበር።»

ዙሪያውን ያለው ሁሉ ራሱን ነቀነቀ። አዎ፣ ይታለፍ ነበር፣ ምስኪን፣ ይታለፍ ነበር።

ወንድሜ ፊቱን ወደ ድምፁ መለሰ። «ልክ ነህ፣ ይታለፍ ነበር» አለ። «የምታልፈው ግን አንተ ነበርክ። እኔ ስንት ዓመት እዚህ ስቀመጥ አንድም ድንጋይ አልፌ አላውቅም። ወድቄም አላውቅም።»

ነገሩ በዚህ ማብቃት ነበረበት፤ እኔ ግን አላበቃሁም። ስንት ሳምንት የታመቀ ንዴት ነው። ጀመርኩት። የሰው ልጅ ዓይን ነኝ ብለህ የሰው ልጅ ላይ ተሳፍረህ ኖርክ፣ አልኩት። በራስህ እግር መሮጥ ቢያቅትህ በወንድሜ ጣት ትሮጣለህ፣ አልኩት። ይኼኛው ከባድ ነበር፤ ከባድ እንደሆነም እያወቅኩ ነው ያልኩት። ሱሉልቴው ቀና ብሎ እንኳ አላየኝም፤ ጉልበቱን እያሻሸ ወለሉን ያያል። ኦቦ «ዓይንህ ቀልቷል፣ ታኢ፣ ተቀመጥ» ይሉኛል፤ እኔ ምን ሰምቼ። ለጫጫታቸው ሲሉ፣ ለጭብጨባቸው ሲሉ፣ አንድ ሰው አንዴ ለራሱ እንዲዘልል መፍቀድ ያቃታቸው ናቸው፣ ሁሉንም ነው ያልኩት፣ ባለባህሉንም ጭምር።

«ጨረስክ?» አለኝ ወንድሜ።

«አልጨረስኩም!»

«እሺ ስትጨርስ እጅህን አንሳልኝ።»

እጄ አሁንም ትከሻው ላይ ነበር።

«የመጀመሪያዎቹን ሁለቱን አንተ ነህ የዘለልካቸው» አለ፣ ድምፁን ዝቅ አድርጎ፤ ቤቱ ግን ዝም ስላለ ሁሉም ሰማ። «አፋፉ ላይ ስደርስ ትጨብጠኛለህ። ሦስተኛው ላይም ጨበጥከኝ። እምቢ ብዬ ነው የቆየሁት፤ ቃጭሉን ልስማ ብዬ። ቸኩዬ ወደቅኩ። ያቺ አወዳደቅ የኔ ናት፤ አትንኩብኝ።»

እጄን አነሣሁ። ጣቶቼ አልታዘዙኝም ነበር፤ ቀስ ብለው ነው የተፈቱት። እምላለሁ፣ አላወቅኩም። ሸሚዙ ላይ የጣቶቼ ጭምድድ ቀርቶ ነበር፤ ሰው ሁሉ እያየው። እፍረት ነበር መምጣት የነበረበት፤ የመጣብኝ ግን ያው ቁጣዬ ነው። በእሱም ተናደድኩ። ለምን ለብቻዬ አልነገረኝም? በሕዝብ ፊት? ለሱ ስል ከሰፈር ሁሉ ተጣልቼ?

ወንድሜ ጆይስቲኩን ወደ ቀኝ ዘረጋ። «የሞተ ያቀብላል» አለ። ሱሉልቴው ተቀበለው፤ አልቀለደም። ተጫወተ፣ ወደቀ፣ አቀበለ። ሰዎቹ መጫወት ቀጠሉ፤ ጩኸቱ ተመለሰ፣ ሳቁ ተመለሰ፤ እኔ ግን እጄን የት እንደማደርገው ጠፋኝ። ኪሴ ከተትኩት፣ አወጣሁት፣ ብብቴ ሥር ሸጎጥኩት። ተራው ዞሮ ወደ ወንድሜ ሲቃረብ ወጥቼ ሄድኩ። የሱሉልቴውን ሚኒባስ ተደግፌ ቆምኩ፤ ፊቴን ወደ መንገዱ።

ከውስጥ ኦቦ «ጨሊሳ!» ሲሉ ሰማሁ። ቤቱ ዝም አለ። ቃጭሉ ጀመረ።

ደጅ ሆኜ ስሰማ አንዱን አለፈ፤ ያለፈ መሆኑን ያወቅኩት ኮቴዋ ድንጋይ ሲመታ ነው። ሁለተኛውንም አለፈ። ከዚያ ቃጭሉ ፈጠነ፣ እየቀጠነ ሄደ፣ ተመልሶ እየወፈረ መጣ። አሁን አልኩ በሆዴ፣ ጣቴም ሚኒባሱ ላይ ተጫነች። እሱ አልዘለለም። ቃጭሉ እንደገና ሄደ። አንድ መኪና በመንገዱ አለፈ፣ ድምፁን ሸፈነብኝ፣ ሾፌሩን ረገምኩት። ቃጭሉ ተመለሰ፤ እየቀረበ፣ እየቀረበ፣ እኔ ከጠበቅኩት በላይ እየቀረበ፣ ከዚያ ዝም። ከዚያ ኮቴ፣ ድንጋይ ላይ።

ጌም ቤቱ በጩኸት ተናወጠ። የሱሉልቴው ድምፅ ከሁሉም በላይ ይሰማል። ያቺን ዝላይ ያላየነው ሁለት ሰዎች ብቻ ነን፤ ወንድሜና እኔ።